ሐያሲው የማይወደው ጌም

ፉትቦል ማናጀር የሚጫወት ሰው ከኋላው ቆሞ ላየው የሒሳብ ሠራተኛ ይመስላል። ስክሪኑን የሞላው የስም ዝርዝር ነው፤ አንዱን ስም ሲነኩት ከ1 እስከ 20 የሚሄዱ ቁጥሮች ይመጣሉ፤ ቅብብሉ 14፣ ፍጥነቱ 11፣ ቆራጥነቱ 17። ኳሷን የሚመታት ጌሙን የያዘው ሰው አይደለም። እሱ አሠልጣኝ ነው፤ ይገዛል፣ ይሸጣል፣ አሰላለፍ ያወጣል፣ ያኮረፈ ተጫዋች ያባብላል፣ ከዚያ ፊሽካው ሲነፋ እጁን አጣጥፎ ያያል። ለማያውቀው እንቅልፍ ያመጣል። ለሚያውቀው ግን ሌሊቱ እንዴት እንደነጋ አይታወቅም።

ስፖርትስ ኢንተራክቲቭ የተባለው የለንደን ኩባንያ የ2009 እትሙን ሲያወጣ (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፈው) ጌሙ አሜሪካ ውስጥ «ወርልድዋይድ ሶከር ማናጀር» በሚል ስም ተሸጠ። አይጂኤን የተባለው የጌም ድረ ገጽ የአሜሪካ ዝግጅት ክፍል ከ10 2 ሰጠው። የእንግሊዙ አይጂኤን ያንኑ ጌም አሞገሰው። ድርጅቱ አንድ፣ ጌሙ አንድ፣ ፍርዱ ግን የሰማይና የምድር ያህል የተራራቀ። ያን 2 ያየ ሁሉ የጠየቀው አንድ ነገር ነበር፤ ይህን ጌም ለዚህ ሰው ማን ሰጠው?

ጥያቄው ከዚያ በፊትም የነበረ፣ እስከ ዛሬም ያልተዘጋ ነው። አንደኛው ወገን ገምጋሚ የሚወደውን ዘውግ ብቻ ይያዝ ይላል፤ የስትራቴጂ ጌም ለስትራቴጂ ሰው፣ የድብድብ ጌም ለድብድብ ሰው። ሌላው ወገን ሐያሲ ማለት ደጋፊ ማለት አይደለም፣ ከውጭ የሚያይ ዓይን ከሌለ ሂስ የማኅበርተኞች ወሬ ሆኖ ይቀራል ባይ ነው። ሁለቱም የሚጠቅሱት ምሳሌ አላጡም። ምሳሌዎቹን ቀረብ ብሎ ላያቸው ግን «የጌሙን ዓይነት ስለማይወድ ነው» ተብሎ የተከሰሰው ሐያሲ አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ ሌላ ሆኖ ይገኛል።

ቶሎ የሚመጣው መልስ ጥሬ ሥጋ የማይበላ ሰው የክትፎ ዳኛ አይሆንም የሚለው ነው። ይመስላል እንጂ አያስኬድም። የማይበላው ሰው ዳኝነቱ የማይረባው ስላልቀመሰ ነው። ሐያሲው ግን ሠላሳ ሰዓት ተቀምጦ ተጫውቶ፣ እስከ መጨረሻው ሄዶ ነው አልወደድኩትም ያለው። ይህ ከአለመቅመስ ጋር አንድ አይደለም። ደግሞስ ወዳጆቹ ብቻ ከፈረዱ፣ ይህን ዘውግ ልሞክረው ወይስ ልተወው ብሎ የሚያመነታውን አንባቢ ማን ያናግረው? እሱ ገና ወዳጅ አልሆነም።

በእኔ እምነት ሐያሲ የማይወደውን ዘውግ መገምገም ይችላል፤ አንዳንዴም ይገባዋል። ከወንበሩ ሊያስነሳው የሚገባው አለማወቁ ነው። አስቸጋሪው ነገር አለመውደድና አለማወቅ ወረቀት ላይ ሲቀመጡ መልካቸው አንድ መሆኑ ነው።

በ2017 ዲን ታካሃሺ የተባለው የጌምስቢት አንጋፋ ጋዜጠኛ ጀርመን ውስጥ በተካሄደው የጌምስኮም ትርኢት ላይ ከፕሄድ የተባለውን ጌም ሲሞክር የተቀረጸ ቪዲዮ ወጣ። ሃያ ስድስት ደቂቃ ገደማ ነው። ገና በመለማመጃው ክፍል፣ ዘልሎ በአየር ላይ መወርወር በሚጠይቀው ቀላል እንቅፋት ላይ፣ ሰውየው ደጋግሞ ይጋጫል። ሰዉ ሳቀበት፤ ከሳቅም አልፎ «የጌም ጋዜጠኞች ጌም አይችሉም» የሚል ዘመቻ ተከፈተበት። ልብ ያላለው ግን ታካሃሺ ጌሙን እየገመገመ አልነበረም፤ ቪዲዮውንም ያወጣው በራሱ ላይ ለመቀለድ ነው። ይልቅ ከዚያ አሥር ዓመት በፊት የሠራው የባሰ ነበር። ማስ ኢፌክት የተባለውን ጌም ክፉኛ ነቅፎ ከጻፈ በኋላ፣ ገጸ ባሕሪው ደረጃ ባደገ ቁጥር የሚሰጠውን የችሎታ ነጥብ ጨርሶ ሳያከፋፍል መጫወቱ ታወቀ። ስህተቱን በአደባባይ አምኖ ግምገማውን አስተካከለ። ይህን ሰው ዘውጉን ጠልቷል ብሎ መክሰስ አይቻልም። ጌሙ ከተጫዋቹ ምን እንደሚጠብቅ አላወቀም፤ ቢወደውም ኖሮ ያው ስህተት ይሠራ ነበር።

ከሩቅ ሆኖ የፈረደ ደግሞ አለ፤ የቺካጎው የፊልም ሐያሲ ሮጀር ኢበርት። በሚያዝያ 2010 ቪዲዮ ጌም መቼም ቢሆን ጥበብ ሊሆን አይችልም ብሎ ጻፈ፤ በሺህ የሚቆጠር መልስ ዘነበበት። በዚያው ዓመት ሐምሌ ላይ፣ ጌሞቹን ሳይጫወት መናገሩ ሞኝነት እንደነበር አመነ፤ አቋሙን ግን አልለወጠም። የሚገርመው ኢበርት በ1994 ዋየርድ መጽሔት ላይ «ኮስሞሎጂ ኦቭ ኪዮቶ» የተባለውን የጃፓን ጌም አድንቆ ጽፎ ነበር። ያን ጊዜ አንድ ጌም ፊት ለፊት ተቀምጦ ስላየው ጽሑፉ ሕይወት ነበረው። በ2010 ስለ ሁሉም ጌም በአንድ አፍ ሲናገር ግን የሚዳሰስ ነገር በእጁ አልነበረም።

ኢበርትን በዚህ ብቻ ማሰናበት ግን ግፍ ይሆናል፤ በራሱ ሜዳ ላይ ለጥያቄያችን የተሻለውን መልስ የሰጠ እሱ ነውና። በ1980 እሱና ባልደረባው ጂን ሲስክል ወጣት ሴቶችን እያሳደዱ የሚያርዱትን የነፍሰ ገዳይ ፊልሞች በቴሌቪዥን ፕሮግራማቸው አብጠለጠሏቸው። ሲስክል እንዲያውም ፍራይደይ ዘ ሰርቲንዝን ሰው እንዳያየው ብሎ ገዳዩ ማን እንደሆነ በጋዜጣ አወጣው። ይህ ሂስ አይደለም፤ እልህ ነው። ግን እነዚሁ ሁለት ሰዎች በዚያው ፕሮግራም ላይ የጆን ካርፔንተርን ሃሎዊን ለይተው አወደሱት፤ ኢበርት ለፊልሙ አራት ኮከብ፣ ማለትም ሙሉውን፣ ሰጥቶታል። ከቢላዋው በስተጀርባ ካሜራው የት እንደቆመ፣ ተመልካቹ በማን ዓይን እንዲያይ እንደተደረገ አስረድተዋል። ዓይነቱን ጠልቶ ከዓይነቱ መካከል ጥሩውን መለየት እንደሚቻል ማስረጃው ይኸው። እንዲህ ዓይነቱ ሐያሲ ሲያመሰግን ምስጋናው ከወዳጅ ምስጋና ይከብዳል።

በጌም ዓለም አለመውደድና አለማወቅ ክፉኛ የተምታቱበትን ታሪክ ለሚፈልግ ዴመንስ ሶልስ አለለት። ፍሮም ሶፍትዌር የሠራው ይህ ጌም በየካቲት 2009 ጃፓን ውስጥ ሲወጣ የመጀመሪያ ዳኛው ሐያሲ አልነበረም፤ የሶኒው ባለሥልጣን ሹሄይ ዮሺዳ ነው። ሁለት ሰዓት ያህል ተጫውቶ ገና መጀመሪያው ላይ እንደቆመ ሲያይ ይህ የማይረባ ጌም ነው ብሎ አስቀመጠው፤ ሶኒም ከእስያ ውጭ ሳያሳትመው ቀረ። አሜሪካ ውስጥ አትለስ የተባለ ትንሽ አሳታሚ አወጣው፤ በዓመቱ መጨረሻ የጌም ድረ ገጹ ጌምስፖት የ2009 ምርጥ ጌም ብሎ መረጠው። ዮሺዳ በኋላ ላይ እሱም ሶኒም መሳሳታቸውን ራሱ ተናግሯል።

ሰውየው ሞኝ ነበር ማለት አይደለም። ጌሙን የከፈተ ሁሉ የሚገጥመውን ነው የገጠመው። መለማመጃው መጨረሻ ላይ አንድ ግዙፍ ጭራቅ ይቆማል፤ ሊገድልህ ነው የቆመው፣ ይገድልሃልም። ከዚያ እውነተኛው ጌም ይጀምራል። ጠላት በገደልክ ቁጥር ነፍስ ትሰበስባለህ፤ ነፍሱ ገንዘብህም ዕድገትህም ነው። ስትሞት ያጠራቀምከው ሁሉ የሞትክበት ቦታ ላይ ይቀራል፤ አንተ ከክፍሉ መጀመሪያ ትነሳለህ፤ የገደልካቸውም አብረውህ ይነሳሉ። መንገድ ላይ ደግመህ ከሞትክ ያ ሁሉ ድካም ጠፋ። ማቆሚያ የለውም፤ በር ቢንኳኳ ጌሙ አይጠብቅህም። ሁለት ሰዓት ለተጫወተ ሰው ይህ ቅጣት ነው። አሥር ሰዓት ለተጫወተ ግን ሌላ ነገር ይጀምራል፤ የየትኛው ጥግ ጠላት መቼ ጦሩን እንደሚሰብቅ እጁ ያውቃል፣ ትናንት ሃያ ጊዜ የገደለውን ድልድይ ዛሬ ጋሻውን ሳያነሳ ያልፈዋል። ደስታው መጨረሻ ላይ የተቀመጠ ጌም ነው። የጃፓኑ ፋሚትሱ መጽሔት አራቱ ገምጋሚዎቹ በድምሩ ከ40 29 ነበር የሰጡት፤ መጥፎ ሊባል የማይችል፣ ግን አዲስ ዘውግ ሊወለድ ነው ብሎ ማንም የማይጠረጥርበት ውጤት።

እዚህ ላይ «ዘውጉን የሚወድ ይገምግመው» የሚለው ደንብ ራሱ ይሰናከላል። በ2009 የዴመንስ ሶልስን ዘውግ የሚወድ ሰው አልነበረም፤ ዘውጉ ስም እንኳ አልነበረውም። ዛሬ «ሶልስላይክ» የሚባለውን ቃል የወለዱት እሱና የዚያው ኩባንያ ጌም ዳርክ ሶልስ ናቸው። ያን ጊዜ ጌሙን ለማን ይሰጡት? ለሚና ጨዋታ ሰው ቢሰጡት ታሪኩ የታለ ይላል። ለድርጊት ሰው ቢሰጡት ዘገምተኛ ነው ይላል። አዲስ ነገር ሲመጣ ሁሉም ሐያሲ የማይወደውን ዘውግ ገምጋሚ ነው። ከዓመታት በኋላ ዲር ኤስተርና ጎን ሆም ሲወጡም ይኸው ተደገመ። ተጫዋቹ እየተራመደ፣ ዕቃ እያነሳ፣ ደብዳቤ እያነበበ ታሪኩን የሚያገኝባቸው ጌሞች ናቸው፤ የማይወዷቸው «የእግር ጉዞ ማስመሰያ» ብለው አላገጡባቸው፣ ጌም አይደሉም አሏቸው። ላግጣው የዘውጉ ስም ሆኖ ቀረ።

አሁን ወደ ኤጅ መጽሔትና ዱም ወደተባለው ጌም ልለፍ፤ በዚህ ክርክር ውስጥ ከሁሉ አብልጦ የሚስበኝ ጉዳይ ነው። ኤጅ እንግሊዝ ውስጥ በ1993 የተጀመረ፣ ግምገማዎቹን ያለ ጸሐፊ ስም የሚያትም ቁም ነገረኛ መጽሔት ነው። በ1994 ዱምን ገመገመ። ዱም ምን እንደሆነ ለማያስታውስ፣ በማርስ ጨረቃ ላይ የቀረ ወታደር ከሲኦል የወጡ አጋንንትን በጠመንጃ እየቆላ ከኮሪደር ወደ ኮሪደር የሚሮጥበት ጌም ነው። ሌላ ነገር የለውም፤ እንዲኖረውም አልተፈለገም። የኤጅ ገምጋሚ ቴክኒኩን አደነቀ፣ ከ10 7 ሰጠ፣ በመጨረሻም አንድ ምኞት ጣል አደረገ፤ ምነው እነዚህን ፍጥረታት ማናገር ቢቻል፣ ጓደኛ ማድረግ፣ ቃል ኪዳን መግባት ቢቻል ይላል ነገሩ።

ያ ምኞት የጌም ሂስ ታሪክ ታላቁ መሳቂያ ሆነ። እስከ ዛሬም ሐያሲ አንድን ጌም ባልሆነው ነገር ሲወቅሰው ለምሳሌ የሚነሳው እሱ ነው። ላግጣው ትክክል ነው፤ ዱምን በንግግር እጥረት መክሰስ መቶ ሜትር ሯጭን ለምን ማራቶን አልሮጥክም እንደማለት ነው። ነገር ግን ሃያ አንድ ዓመት ቆይቶ፣ በ2015፣ ቶቢ ፎክስ የተባለ አሜሪካዊ ወጣት አንደርቴል የሚባል ጌም አወጣ። በአንደርቴል የሚገጥሙህን ጭራቆች ማናገር ትችላለህ፤ ማሳቅ፣ ማጽናናት፣ ምሮ መተው ትችላለህ። አንዱንም ሳትገድል ጌሙን መጨረስ ይቻላል፤ የጌሙ ልብም ያ ነው። በሚሊዮን የሚቆጠር ሰው ወደደው። የኤጅ ገምጋሚ ዱምን በትክክል አልመዘነም፤ የጠየቀው ጥያቄ ግን የዱም ወዳጆች በመቶ ዓመትም የማይጠይቁት ነበር። ለእነሱ ጭራቅ የሚተኮስበት ነገር ነው፤ ለምን እንደሚተኮስበት አያሳስባቸውም። ዘውጉ ውስጥ የኖረ ሰው የዘውጉን ልማድ እንደ ተፈጥሮ ሕግ ያየዋል፤ የማይመቸው ሰው ነው ይህ ለምን እንዲህ ሆነ የሚለው።

ስለዚህ የማይወደው ሰው ዋጋ አለው። ዋጋው ግን ጥያቄው ላይ እንጂ 7ቱ ላይ አልነበረም። ወደ ነጥቡ ጉዳይ እመለሳለሁ።

ዘውጉን የሚወዱት ሁልጊዜ ለስላሳ ናቸው ብሎ ማሰብም ስህተት ነው። ኮምፒውተር ጌሚንግ ወርልድ በ1981 የተጀመረ የአሜሪካ መጽሔት ነበር፤ እዚያ ስኮርፒያ በሚል የብዕር ስም የምትጽፍ ሐያሲ ነበረች። ሥራዋ የጀብዱና የሚና ጨዋታ ጌሞች ነበሩ፤ የምትወዳቸውም እነሱን ነበር። ማይት ኤንድ ማጂክ 2ን ግን አልማረችውም። የጌሙ ሠሪ ጆን ቫን ካነገም ምን አደረገ? በ1991 ሦስተኛውን ክፍል ሲያወጣ «ስኮርፒያ» የሚባል ጭራቅ አስገባበት። የሐያሲ ምላስ ምን ያህል እንደቆረጠ የሚያሳይ ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አላውቅም። ስኮርፒያ ዘውጉን ብትጠላው ኖሮ ሰውየው «አይገባትም» ብሎ ያልፋት ነበር፤ ጭራቅ ያደረጋት ስለገባት ነው።

ወዳጆች የሚለሰልሱበት ቦታ ግን አለ፤ በየዓመቱ በሚታተሙት የስፖርት ጌሞች ላይ። ፊፋን ሃያ ዓመት የተከተለ ገምጋሚ የዘንድሮው ኳስ ከአምናው ትንሽ እንደሚከብድ፣ ተከላካዮች ትንሽ እንደፈጠኑ ይነግርሃል። ልክ ነው፤ ልዩነቱን ያየዋል። አንድ ዓይነት ጌም በየዓመቱ በሙሉ ዋጋ መሸጥ ይገባል ወይ ብሎ ለመጠየቅ ግን ቅርበቱ ራሱ ያግደዋል። የተጫዋች ካርድ በዕጣ የሚሸጥበትን አሠራር ቁማር ነው ብለው አጥብቀው የጮኹት የቤልጅየም ባለሥልጣናት እንጂ የፊፋ ገምጋሚዎች አልነበሩም፤ ቤልጅየም በ2018 ሕገ ወጥ ስትለው ብዙ ግምገማዎች ነገሩን በአንድ አንቀጽ ያልፉት ነበር።

ጃፓኖች ይህን ሁሉ ቀድመው አስበውበታል ማለት ይቻላል። ፋሚትሱ ከተቋቋመበት ከ1986 ጀምሮ የታወቀው «ክሮስ ሪቪው» በሚለው ዓምዱ ነው። አራት ገምጋሚ፣ አራት ትንንሽ ምስል፣ ለእያንዳንዱ ጥቂት መስመር አስተያየትና ከ10 አንድ ቁጥር፤ ድምሩ ከ40። አሜሪካዊው ኤሌክትሮኒክ ጌሚንግ መንዝሊ ተመሳሳይ መንገድ ተከትሎ ገምጋሚዎቹ የትኛውን ዘውግ እንደሚወዱ ከፎቶአቸው ጎን ያትም ነበር። ይህች ትንሽ መስመር ብዙ ሥራ ትሠራ ነበር። የድብድብ ጌም የሚወደው 9፣ የስፖርቱ ሰው 6 ቢሰጡ አንባቢው የራሱን መሳይ ሰው መርጦ ያነባል። አለመውደድ ሳይደበቅ፣ አለመውደድ ብቻውንም ሳይቀር። የእኔ ጥርጣሬ ድምሩ ላይ ነው። የፋሚትሱን 40 ሁሉም ያስታውሳል (የመጀመሪያው በ1998 ለዜልዳ ኦካሪና ኦቭ ታይም የተሰጠው ነው)፤ ከአራቱ ማን ምን እንዳለ የሚያስታውስ ግን የለም። አራት ድምፅ ተሰብስቦ አንድ ቁጥር ሲሆን የአራት ሰው ምክንያት ይጠፋል።

ሜታክሪቲክ ይህንኑ በዓለም ደረጃ አደረገው። በ2001 የተጀመረው ይህ ድርጅት የሐያስያንን ነጥብ ሰብስቦ ከ100 አንድ ቁጥር ያወጣል። የማይወደው ሐያሲ የሰጠው 3 እና የሚወደው የሰጠው 9 አንድ ድስት ውስጥ ይገባሉ። ቁጥሩ ለአንባቢ ብቻ ቢሆን ችግር አልነበረውም። በ2010 ኦብሲዲያን የተባለው ስቱዲዮ ፎልአውት ኒው ቬጋስን ለአሳታሚው ቤተስዳ ሠራ፤ ከመሥራቾቹ አንዱ ክሪስ አቬሎን በኋላ እንደገለጸው፣ ሜታክሪቲክ ላይ 85 ካገኘ ጉርሻ እንዲከፈላቸው ነበር ውሉ። ጌሙ 84 አገኘ። በአንድ ነጥብ። ለዚያ አንድ ነጥብ ተጠያቂው ማን እንደሆነ ማንም ሊያውቅ አይችልም፤ ብዙ ሳንካ የነበረበት ጌም ስለሆነ ጥፋቱ የራሱም ሊሆን ይችላል። ግን እንዲህ ባለ ውል ውስጥ፣ «ይህ ዘውግ የእኔ አይደለም» ብሎ ቀልድ የመሰለ 4 የሚሰጥ ገምጋሚ የማያውቀውን ሰው ኪስ እየነካ ነው። አለመውደዱን በጽሑፍ ቢያስቀምጠው ማንንም አይጎዳም፤ ቁጥር ሲያደርገው ግን ማብራሪያው ወድቆ ቁጥሩ ብቻ ይጓዛል።

ዴድሊ ፕሪሞኒሽን በተባለው ጌም ላይ የሆነውን ያየ ይህ ይበልጥ ይገባዋል። በ2010 የወጣ የጃፓን የአስፈሪ ጌም ነው፤ ምስሉ ያረጀ፣ መኪናው የማይታዘዝ፣ ተኩሱ የሚያሰለች፣ ታሪኩ ግን እንግዳና የማይለቅ። የአሜሪካው አይጂኤን ከ10 2 ሰጠው። ሌላው ድረ ገጽ ዲስትራክቶይድ 10 ሰጠው። ጊነስ በአስፈሪ ጌሞች ዘርፍ ሐያስያንን ከሁሉ በላይ የከፋፈለ ብሎ መዘገበው። የሁለቱን አማካይ ቢወስዱት 6 ይሆናል፤ ያ 6 ደግሞ ስለ ጌሙ ከተባለው ሁሉ ብቸኛው ውሸት ነው። ከሁለቱ አንዳቸውም 6 ነው አላሉም።

ከዚያው ከአይጂኤን ጎድ ሃንድ በ2006 3 አግኝቷል። የክሎቨር ስቱዲዮ የመጨረሻ ጌም ነው፤ ዳይሬክተሩ ሺንጂ ሚካሚ። የቡጢ ጌም ነው፤ ካሜራው ከጀግናው ጀርባ ተተክሎ አይዞርም፣ በደንብ በተጫወትክ ቁጥር ጠላቶቹ ይከብዱብሃል፣ የምትመታበትን ቅደም ተከተል አንተው ትመርጣለህ። ዛሬ የዘውጉ ሰዎች ከምርጦቹ አንዱ ይሉታል። አንዳንዶች ይህን እያነሱ የማያውቅ ገምጋሚ ምን እንደሚያደርስ እዩ ይላሉ። እኔ ያን ያህል አልሄድም። ያ ካሜራ በእርግጥ ያስቸግራል፤ ገምጋሚው ያስቸገረውን ተናግሯል። የጎደለው አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፤ ካሜራው ለምን እንደተተከለ። ጠላት ከኋላ ሲመጣ አለማየት ጌሙ ሆን ብሎ የሚፈጥረው ጭንቀት ነው። ያን ጽፎ፣ ቀጥሎም «እኔ ይህን ጭንቀት አልፈልገውም» ቢል ኖሮ 3ቱም ቢሆን ማንንም ባላሳሳተ።

የማይወድ ሐያሲ ሥራ ከሚወደው የሚከብደው እዚህ ላይ ነው። የሚወደው «የዳርክ ሶልስ ወዳጆች ይወዱታል» ብሎ ማለፍ ይችላል፤ የማይወደው ግን ሌላ ሰው በዚህ ጌም ምን ደስ እንደሚለው ሳያሳይ የራሱን አለመደሰት ማስረዳት አይችልም። መመዘኛዬ ቀላል ነው፤ ጌሙን የሚነቅፈውን ጽሑፍ የዘውጉ ወዳጅ አንብቦ «እኔስ ይህን እገዛለሁ» ማለት ከቻለ ሂሱ ሥራውን ሠርቷል። ቤን ክሮሾ፣ በቅጽል ስሙ ያትዚ፣ ከ2007 ጀምሮ በሠራቸው የቪዲዮ ግምገማዎች የስትራቴጂና የጃፓን የሚና ጨዋታ ጌሞች እንደማይጥሙት ደጋግሞ ተናግሯል። ነጥብ አይሰጥም። ተከታታዮቹ ምን እንደሚወድና እንደሚጠላ ስለሚያውቁ ስድቡን እንኳ እንደ ካርታ ይጠቀሙበታል፤ እሱ በረጅም ውይይቱና በዝርዝሩ ምክንያት የጠላው ጌም ለእነሱ የሚሆን ነው ማለት ነው።

ተጫዋቾች በበኩላቸው ለዚህ ሁልጊዜ ዝግጁ አይደሉም። በ2013 የጌምስፖት ሐያሲ ለጂቲኤ 5 ከ10 9 ሰጠች፤ ጽሑፏ ውስጥ ጌሙ ሴቶችን የሚያይበትን መንገድ ነቀፈች። ከሥራ ትባረር የሚል ፊርማ ተሰባሰበ። ለ9! እንዲህ ያለው ቁጣ «ዘውጉን የማያውቅ አይገምግም» የሚለውን ምክንያታዊ ጥያቄ ለራሱ ዓላማ ይዋሰዋል፤ የሚፈልገው ዕውቀት ያለው ገምጋሚ አይደለም፤ የሚስማማው ገምጋሚ ነው። አርታኢዎች ሁለቱን መለየት ሲያቅታቸው የሚይዙት አቋራጭ አለ፤ የየዘውጉን ደጋፊ ፈልጎ መስጠት። ማንም አይቆጣም፣ ውጤቱ ሁሉ ከ7 እስከ 9 ይሆናል፣ ሂስ የሚባለውም ነገር የሸማቾች መመሪያ ሆኖ ያርፋል። የጌም ድረ ገጹ ዩሮጌመር በ2015 ነጥብ መስጠት ትቶ ነበር፤ በ2023 በኮከብ መልክ መልሶታል። አንባቢ ቁጥር ይወዳል።

የእኛ ነገር ከዚህ ይለያል። አዲስ አበባ ውስጥ ብዙ ልጅ ጌም የለመደው ፕሌይስቴሽን ቤት ነው፤ የሚከፈለውም በጨዋታ ወይም በሰዓት ነው፣ ከጀርባው ተራ የሚጠብቅ አለ። እዚያ ቤት የሚያብበው ፊፋና ድብድብ ነው፤ በአሥር ደቂቃ አሸናፊና ተሸናፊ የሚለይበት። ደስታው አሥረኛው ሰዓት ላይ የሚጀምር ጌም እዚያ ቦታ የለውም፤ ሃምሳ ሰዓት ንግግር የሚያስነብብ የሚና ጨዋታም እንዲሁ፣ ያውም በእንግሊዝኛ። ስለዚህ የአማርኛ ተናጋሪው ተጫዋች ስለ አንድ ዘውግ «አይመቸኝም» ሲል ብዙ ጊዜ የሚናገረው የተጫወተበት ቤት ነው። ዋሽንግተን ወይም ለንደን ሳሎን ውስጥ የራሱ ኮንሶል ይዞ ያደገው የአክስቱ ልጅ ሌላ ነገር ይመቸዋል።

በአማርኛ ስለ ጌም የሚያወሩት ደግሞ በአብዛኛው ብቻቸውን የሚሠሩ ወጣቶች ናቸው፤ ራሳቸው ይጫወታሉ፣ ራሳቸው ይቀርጻሉ፣ ራሳቸው ያቀናብራሉ። «ይህ የእኔ አይደለም፣ ለእገሌ ስጡት» የሚሉት ባልደረባ የላቸውም፤ እነሱ ካልገመገሙት በአማርኛ የሚገመግመው ላይኖር ይችላል። ለእነሱ የማይወዱትን ዘውግ መገምገም ምርጫ አይደለም። ስለ ረጅሙ የሚና ጨዋታ ስለ ባልዱርስ ጌት 3 በአማርኛ መስማት የሚፈልግ ሰው ምናልባት የሚያገኘው ዕድሜውን ፊፋ ሲጫወት የኖረ ልጅ አስተያየት ነው። ያ ልጅ ስንት ሰዓት እንደተጫወተ፣ የት ላይ እንደተወው፣ ዳይሱ ሲወረወር ለምን እንደተሰላቸ ቢናገር እኔ እስከ መጨረሻው አዳምጠዋለሁ። ከ10 ስንት እንደሰጠው ባይነግረኝ ግን ደስ ይለኛል።